የፒክአፑ ወለል ሲበየድ

ባሌ ፒክአፓችንን እቤት እበይዳለሁ ያለ ቀን ሆዴ ፈራ። የጋቢናውን ወለል በእኔ በኩል ዝገት በልቶት፣ ከድሬ ዳዋ ወደ ዋሂል ስንሄድ መንገዱ በእግሬ ሥር ሲሮጥ ይታየኝ ነበር። ካርቶንና ምንጣፍ ቢደረብበትም እግሬን ሰብስቤ ነበር የምቀመጠው። ስለዚህ መበየዱን አልጠላሁም። የጠላሁት በያጁ እሱ መሆኑን ነው። ሹፌር እንጂ በያጅ አይደለም፤ ማሽኑንም የተዋሰው ከወንድሙ ነው።

"የነዳጁ ታንክ ሳይወርድ አንዲት ብልጭታ እንዳላይ!" አልኩት።

"አቦ ተይኝ፣ ነዳጁን ቀድቼ አውጥቼዋለሁ፤ ባዶ ነው እኮ።"

"ባዶው ነው የሚፈነዳው፣ ትነቱ ውስጡ ይቀራል!"

ይህን የሰማሁት ከአባቴ ነው። ባቡር ጥገና ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ባዶ በርሜል ሲበየድ ካየ መንገድ ይቀይር ነበር።

ባሌ እያጉረመረመ ታንኩን ፈትቶ አጥሩ ጥግ አስቀመጠው። እኔም አንድ ባልዲ አሸዋ ይዤ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ብየዳው ሲንጣጣ ዓይኔን ከታንኩ ላይ አልነቀልኩም። "ፈሪ!" አለኝ እየሳቀ። ከመሞት መሰንበት ብዬ መለስኩለት።

ቀዳዳውን የሚደፍነው ላሜራ በግማሽ እንደተያዘ መብራት ጠፋ። ድሬ ውስጥ ከሙቀቱ የተነሳ ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ የሚጋደም ሰው መጀመሪያ ውሃ ይረጫል። እሱም እንደ ልማዱ ሸሚዙን አውልቆ፣ አንድ ጆግ ውሃ መሬቱ ላይ ቸለስ አድርጎ፣ ብየዳውን ከታች ሊያይ መኪናው ሥር ተንሸራቶ ገባ። የብየዳውን ፒንሳ፣ ኤሌክትሮድ የሚሉት የብየዳ ዘንግ እንደተነከሰበት፣ ራቁት ደረቱ ላይ አስተኝቶታል። ማሽኑን አላጠፋውም። መብራት በሌለበት ማን ማሽን ያጠፋል?

እኔ ደግሞ እፎይ ብዬ ነበር። ብልጭታ ከሌለ ታንኩ ምን ያመጣል?

ድንገት ቤት ውስጥ ፍሪጁ ተንቀጠቀጠ። የሰፈሩ ልጆች "መጣ! መጣ!" እያሉ ጮኹ። ከመኪናው ሥር እግሮቹ ብቻ ነበር የሚታዩኝ፤ ተገትረው መሬቱን ደበደቡት፤ ኤሌክትሪኩ ይዞታል። "ያ አላህ!" ባልዲውን ጥዬ በረርኩና የማሽኑን ሶኬት ነቀልኩት።

"አለህ?"

እርጥቡ መሬት ላይ ተንበርክኬ እግሩን ያዝኩት።

"አለህ ወይ?!"

"አለሁ" አለ በመጨረሻ፣ የሱ በማይመስል ቀጭን ድምፅ።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ ግን የፈራሁትን ስጠብቅ ያልፈራሁት ደረሰ። የቀረውን ላሜራ ሰፈራችን ያለ በያጅ ጨረሰው፤ አሁን እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ፍርሃቴ ግን ከወለሉ ጋር አልተደፈነም። መብራት በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ደስ ሲለው፣ እኔ ባሌ የት እንዳለ ነው የምፈልገው። እሱም ለምዶኛል፤ ሽንት ቤት ውስጥም ቢሆን ሳልጠራው "አለሁ!" ይላል።

ባለፈው ግን ለብቻው ዋሂል ሄዶ ሳለ መብራት መጣ። ልጆቹ ጮኹ፤ ቤቱ ዝም አለ። ሞኝነት መሆኑን እያወቅኩ ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። የፒክአፑ ሞተር ከኋላ ይሰማል።

"አለሁ" አለኝ፣ ሄሎ እንኳ ሳይል።