ኢተያ ስንዴው ቆሞ፣ አሰላ መለኪያው ሲጠብቅ

ስንዴው ደርሶ ሳለ ሰማዩ የጠቆረበት ሰሞን ነበር። አሰላ ወዳለችው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቄ አንድ አዛውንት ገበሬ ከኮምባይነር ሹፌር ጋር ከኢተያ መጡ። ሹፌሩ የማሽኑን መቆጣጠሪያ ሳጥን ታቅፏል።

«ማጨድ ሊጀምር ሲል እልም ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ይበራል» አለኝ።

«ልጄ፣ ዝናቡ ከቀደመን አለቀልን» አሉ አዛውንቱ።

ሳጥኑን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቼ የማስነሻ ቁልፉን ተጫንኩ። የሳጥኑ መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። ክዳኑን ከፍቼ ከኃይል መግቢያው ውስጥ በኩል ያገናኘሁት መለኪያ ግን አሥራ ሁለት ቮልት እንዳለ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው አሥራ ሁለት።

መለኪያው የሚለካው በራሱ ጊዜ ነው፤ በሁለት ልኬት መሀል የሆነውን አያይም። ትሪገር የሚባለው ለዚህ ነው፦ «አሁን ለካ» የሚል ምልክት። ምልክቱን ከውጭ እንዲቀበል ካደረግኩት እስኪታዘዝ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ከማስነሻ ቁልፉ ሽቦ ስቤ ከመለኪያው ጀርባ ባለው የትሪገር መግቢያ መሰካት ነበረብኝ። መግቢያው ግን ከአምስት ቮልት በላይ አይችልም። አሥራ ሁለቱ በቀጥታ ከገባ መለኪያው ይቃጠላል፤ ያለኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። በሬዚስተር ቀንሼ፣ እየፈራሁ ሰካሁት።

ቁጥሩ ጠፋ። ሰረዝ ብቻ ቀረ።

«ያ ረቢ! ሞተ እንዴ?» አሉ አዛውንቱ።

«አልሞተም አባባ፤ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው» አልኳቸው። እኔ ራሴ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ቁልፉን ተጫንኩ። አሥራ ሁለት! አሁንም ያው። በጭላሎ ተራራ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። አዛውንቱ ወጥተው ሰማዩን አይተው ተመለሱ፤ ጭንቁ ሲብስባቸው አማርኛውን ትተው በኦሮምኛ ከሹፌሩ ጋር ያወሩ ጀመር።

ቅንብሩን እንደገና አየሁት። ለካ ከምልክቱ በኋላ ጥቂት ቆይቶ እንዲለካ ተሞልቷል፤ እሱ ሲለካ ቮልቴጁ ተመልሶ ነበር። መዘግየቱን ዜሮ አደረግኩ። በአንድ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ አከታትሎ እንዲለካና ዝቅተኛውን እንዲያሳየኝም አዘዝኩት። እንደገና ተጫንኩ።

አምስት ነጥብ ስምንት።

በዚያው ዘዴ ባትሪው ላይ ስለካ ብዙም አልወረደም። እንግዲያው ኃይሉ የሚጠፋው ሳጥኑ መግቢያ ላይ ነው። ሰሌዳውን አውጥቼ በማጉያ መነጽር ሳየው የመግቢያው አንዱ የብረት እግር ብየዳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። በየድኩት። ቁልፉን ስጫን መብራቱ አልጠፋም።

«አላህ ይስጥሽ!» አሉ አዛውንቱ፤ ሹፌሩ ሳጥኑን ይዞ ሮጠ።

እኔ ግን ሥራ መሥራት አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ የሱቄ ቆርቆሮ በዝናብ ሲንጫጫ ለሹፌሩ ደወልኩ፤ አያነሳም። አሁንም አሁንም ሞከርኩ። ብየዳው መንገድ ላይ በንዝረት ለቆ ይሆን?

በማግስቱ ራሱ ደወለ። «ዋናውን ማሳ ከዝናቡ በፊት አጭደን ጨርሰናል» አለ። «ከወንዙ በኩል ያለው ግን በዝናቡ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ማሽኑ አያነሳውም።»

አዛውንቱ ስልኩን ተቀበሉት። «ልጆቼ የሚበሉት ገብቷል፤ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «የተኛውን ደግሞ ፀሐይ ከወጣ በማጭድ እንሞክራለን።»