ሸጋዬ የደበቀችው ደም

ሸጋዬ ሆዷን ካመማት ሰንብቷል። ይቆርጣታል፣ ሽንት ቤት ያመላልሳታል፣ ከሰገራዋ ጋርም ንፍጥና ደም ይወጣል። ደሙን ግን ለማንም አልተናገረችም። ጎንደር ሳለች፣ በአይሁድ ወጋቸው፣ ሴት የወር ደም ሲመጣባት ሰው ሳትነካ ለብቻዋ ጎጆ ትቀመጥ ነበር። እዚህ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ያውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ምን ጎጆ አለ? ደግሞስ በዚህ ዕድሜዋ የሚመጣ የሆድ ደም ከዚያኛው ይቆጠራል? ግራ ሲገባት ሳህኗን ለይታ በረንዳ ላይ ብቻዋን መብላት ጀመረች። ልጇ ኤቭያታር ያኮረፈችው መሰለው። እሷም እንዲመስለው ተወችው።

ወደ ክሊኒኩ፣ ኩፓት ሆሊም፣ እንሂድ ቢላት፣ ሰገራ አምጪ ይሉኛል ብላ እምቢ አለች። በመጨረሻ ካርሜ ጋት ሰፈር፣ በቻይና መድኃኒት ወደሚያክም ኤሬዝ ወደሚባል ሰው ወሰዳት። ምላስና የልብ ትርታ ብቻ ነው የሚያየው ብሏት ነበር። ምን ያደርጋል! ምላሷን አስወጥቶ ካየ በኋላ (ባዕድ ሰው ፊት፣ በዚህ ዕድሜ!) የጠየቀው ሁሉ ስለ ሰገራ ሆነ። ኤቭያታር አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ።

ኤሬዝ እንዳስረዳው፣ ነጭ ንፍጥ ብቻ ከወጣ አንጀት ውስጥ ብርድና እርጥበት ገብቷል፤ በዝንጅብል ይሞቃል። ደም ካለው ግን እርጥበቱ ከሙቀት ጋር ሆኖ አንጀቱን አቃጥሎታል፤ በመራራ ሥር ማቀዝቀዝ ነው። ክረምትና በጋ ሆዷ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ሸጋዬ አልገባትም። ደም አለ ወይ ስትባል የለም፣ ንፍጥ ብቻ ነው አለች።

አሁን ኤሬዝም ግራ ገባው። ምላሷ ቀይ ነው፣ ላዩም ቢጫ ለብሷል፤ የልብ ትርታዋም ይሮጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት ነው። የምትናገረው ግን ብርድ ነው። ሙቀት ላይ ዝንጅብል ቢጨምር ይብስባታል፤ ዝም ብሎ ተቅማጡን ቢያስቆመውም በሽታው ውስጥ ይቀራል። እንደገና ጠየቃት።

ሸጋዬ ልጇን አየችው። በአማርኛ ልትለው አፏን ከፈተች፤ አልወጣም። ወደ ኤሬዝ ዞራ በተሰባበረ ዕብራይስጥ «የሽ ዳም» አለችው፣ ደም አለ።

ኤሬዝ መድኃኒቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ ደም ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትመርመር፣ የእኔ ይደርሳል አለ። ሸጋዬ ተናደደች፤ ታዲያ ለምን አስለፈለፋት?

«ጠይቅልኝ» አለችው ልጇን። «ያኛው ደም ነው ወይስ ሌላ?»

ኤቭያታር አልጠየቀም። ለምን ብቻዋን እንደምትበላ ገባውና እጇን ያዘ።

«አትንካኝ!»

«የታመመ አንጀት ነው፣ እማዬ» አለ፣ እጇንም አልለቀቀም።

እውነቱን ይሁን ሊያጽናናት ብሎ አላወቀችም። ቢሆንም እጇን አልነጠቀችውም።