የመመለሻው ተራ

ስንሄድ እሱ፣ ስንመለስ እኔ። ውላችን ይኸው ነበር። ያቺን የሞተር ጀልባ የገዛናት ባሌ ሆሊውድ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ፣ እኔ ኢንግልዉድ የሆቴል አንሶላ እያጠብኩ ነው። ስለዚህ መሪዋም የሁለታችን ነው አልኩት። ሳቀና "ኦኬ" አለ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ "ኦኬ" ያለ ሰው ቃል እንደገባ ግን አውቃለሁ።

ዘመኑ በፈረንጅ ሰባዎቹ ነው፤ ዛሬ የሐበሻ ሰፈር የሆነው ፌርፋክስ መንገድ ላይ ገና አንድም የአማርኛ ጽሑፍ አልተሰቀለም። ቅዳሜ ጠዋት ከማሪና ዴል ሬይ ተነሥተን፣ ዳርቻውን ይዘን ወደ ሎንግ ቢች ወረድን። እሱ ነዳ። እኔ የባሕሩን ካርታ ጭኔ ላይ ዘርግቼ "ወደ ቀኝ አውጣት፣ ገደሉ ሥር ሣር አለ" እያልኩ መራሁት። የዚያ ባሕር ሣር ውኃ ውስጥ እንደ ደን የቆመ ነው፤ ሞተር ከገባበት ይተበትበዋል። ሁለቴ አስመለሰኝ። ካርታውን ግን አልለቀቅሁም፤ ነገ ተራዬ ነው።

እሑድ ሎንግ ቢች የሚኖሩ አንድ ጋሼ አብረውን ሊመለሱ መጡ። ባሌን አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ ያስጠኑት እሳቸው ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ጀልባ ላይ ወጡ። እጄን መሪው ላይ ሳሳርፍ ባሌ፣

"ጋሼ፣ እርስዎ ይያዙት እንጂ!" አለ።

"ኧረ በፍጹም! እሷ ትንዳ።"

"እርስዎ እያሉ? አይሆንም። በሞቴ!"

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። ዝም ብል ባለጌ ልባል ነው።

"አፈር ስሆን ይያዙ፣ ጋሼ" አልኩ። ያለው የገዛ አፌ ነው።

ይህን ያህል ተለምኖ እምቢ ማለት ደግሞ ለእሳቸው ነውር ሆነባቸው። ጀልባ ነድተው እንደማያውቁ የገባኝ መሪውን እንደ ትኩስ ድስት ጆሮ ሲይዙት ነው።

ገደሉ ጋ ስንደርስ "ጋሼ፣ ወደ ግራ ያውጧት" ብል ባሌ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

"ታላቅ ሰው ይታረማል እንዴ?"

ሞተሩ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ሣሩ ውስጥ ገብተናል።

ብዙ ቆይቶ አንድ ጎታች ጀልባ መጣልን። ባለጀልባው ገመድ እየወረወረ "ማን ነበር የሚነዳው?" ብሎ ጠየቀ።

ባሌ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "ሚስቴ።"

ሰውየው ሳቀ። ጋሼ ከረባታቸውን አስተካከሉ። እንግሊዝኛው ምላሴ ላይ እስኪመጣልኝ ገመዱ ተወጥሮ መጎተት ጀምረናል።

ቤት ስንገባ ያዝኩት።

"ምን አድርጌህ ነው?"

"ታዲያ ጋሼን በፈረንጅ ፊት ላዋርዳቸው?"

"እኔንስ?"

"አንቺማ የራሴ ነሽ።"

በፍቅር ነው ያለው። የከፋኝም ለዚያ ነው።

ከወር በኋላ ለክርስትና ድግስ አንድ ቤት ስገባ "ካፒቴኗ መጣች! ሣሩን አጭዳ ጨረሰች!" ተባልኩ። ያወራው ባሌ ነው። ጋሼም እዚያው ተቀምጠው ከሰው ጋር ሳቁ። ጀልባዋን በዓመቱ ሸጥናት፤ ተራዬን ሳላገኝ።

ጋሼ ካረጁ በኋላ አንድ ቀን ፌርፋክስ ላይ አገኙኝና ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ የዚያን ቀኑን ነገር ይቅር በይኝ" አሉ በሹክሹክታ።

"በሰው ፊት ይበሉት፣ ጋሼ። የተሳቀብኝ በሰው ፊት ነው።"

"ኧረ አሁን ማን ያስታውሰዋል?"

"እኔ።"

ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ዛሬ እሳቸውም ባሌም አርፈዋል፤ አንዳቸውም ሳይናገሩ። የልጅ ልጆቼ ግን መኪና ውስጥ "በዚህ በኩል ታጠፉ" ባልኩ ቁጥር "አያቴ፣ አንቺ እኮ ጀልባ ሣር ውስጥ የከተትሽ ነሽ" ይሉኛል። ከአባታቸው ሰምተው፣ አባታቸው ከአባቱ ሰምቶ።

መሪውን የያዝኩት እኔ አልነበርኩም። ካርታውን ነው የያዝኩት። ወደ ግራ ብያለሁ።