ጥቅል ጎመን ለዳማው

አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር። የምንበላውም፣ እኔ ደብተር የምገዛበትም ዳማው ፈረሳችን ከአራዳ ጭነት ጎትቶ የሚያመጣው ነው። እሱ ከወደቀ እኛም ወደቅን ማለት ነው።

ፈረስ ማብላት ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው። «ካሮቱን በቁመቱ ሰንጥቂው፤ ክብ ክብ አድርገሽ ከቆረጥሽው ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። ጥቅል ጎመን እንዳታስጠጊው፣ ሆዱን ይነፋዋል። ስትሰጭው ደግሞ መዳፍሽን ዘርጊ፤ ጣትሽን ከካሮት አይለይም።»

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ዳማው ያጌጠ ጋሪ ጎትቶ እንዲሰለፍ ታዘዘ። አንድ ጠዋት የቀበሌያችን ካድሬ፣ በሕይወቱ ልጓም ጨብጦ የማያውቅ፣ ካኪውን አስተኩሶ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ጥቅል ጎመን ታቅፎ መጣ።

«የማኅበራችን ምርት ነው። ፈረሱም ይቅመሳት!»

በእኛ ሰፈር ለከብት የመጣ ስጦታ ሰጪው ፊት ይበላል፤ ማስቀመጥ ንቀት ነው። አባቴ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ምን ይላል! እጅ ነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለና «እግዜር ይስ…» ብሎ ዋጠው። «አመሰግናለሁ፣ ጓድ» አለ። ከዚያ ቅጠል በቅጠል እየገነጠለ አበላው።

እኩለ ቀን ላይ የዳማው ሆድ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሽንጡን እየዞረ ያያል፣ መሬት ይጭራል፣ ልተኛ ይላል። እንዳይተኛ እየጎተትን እስከ ምሽት ድረስ አመላለስነው።

«አይ የኔ ሸጋ! አይ ዳማዬ!» እያለ አባቴ ያለቅሳል።

አላሳዘነኝም። «ምነው ጠዋት አፍህ ተዘጋ?» አልኩት።

«ስጦታ ይመለሳል እንዴ?»

ኧረ ወዲያ! ጨዋነት ብሎ የሚጠራው ፍርሃቱን መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ፀሐይ ስትጠልቅ ዳማው ፋንድያ ጣለ፤ ተረፈ።

በበዓሉ ዋዜማ ካድሬው ሁለት ጎመንና አንድ ፎቶ አንሺ ይዞ ተመለሰ። የአባቴ እጆች ደግሞ ሲዘረጉ አየሁና በእሱና በካድሬው መሃል ገባሁ።

«ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ ለጎመን ተሰልፎ እርስዎ ፈረስ ሲያበሉ ፎቶ ይነሣሉ?»

ጎመኖቹን እንደ ሌባ ከጀርባው ደበቃቸው። «ታዲያ ምን ልስጠው?»

«ካሮት።» በቁመቱ ሰንጥቄ አቀበልኩት። እሱም እንደ ሲጋራ በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ወደ ፎቶ አንሺው እየሣቀ ለዳማው አቀረበለት።

ጩኸቱ መንደሩን አስወጣው። ያን ያህል እንኳ አልተጎዳም፣ ጣቱ ትንሽ ተላጠ።

«አድኃሪ ፈረስ!» እያለ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሄደ። ጎመኖቹን ትቷቸው ነበር፤ ቀቅለን በላናቸው።

ስንበላ አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «መዳፍዎን ይዘርጉ አላልሽውም?»

«ስጦታ የሚሰጥ ሰው ይቋረጣል እንዴ?» አልኩት።