የእንግዳው ዋስ

እንግዳው ከሰማይ የወደቀው ጓሳ ላይ ነው። ይህን የወሰንነው እኔና የአክስቴ ልጅ ነን፤ መሐል ሜዳ ከተማ በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት፣ ሥራ የፈታው ማሽን ላይ ክርናችንን ጥለን። የአክስቴ ልጅ የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፤ ሥዕል ማንም አላስተማረውም። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ እኔንም ማንም አላስተማረኝም። ኢንተርኔት በነበረበት ጊዜ በስልኩ በሥዕል የሚተረኩትን የፈረንጅ ጀግኖች ሲያገላብጥ ይውል ነበር፤ ከሌላ ዓለም መጥተው ካባ ለብሰው የሚበሩትን፣ መኪና በአንድ እጃቸው የሚያነሱትን።

«እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ የሚወድቁት እዚያው ፈረንጅ አገር ነው» አለኝ። «ሰማዩ እንደሆነ አንድ ነው። እኛ ጋ አንድ እንኳ አይወድቅም?»

«እኛ ጋ ቢወድቅ ውርጩ ይገድለዋል።»

«በርኖስ እናለብሰዋለን።»

እንግዳው የተወለደው በዚህች ንግግር ነው። ስም አላወጣንለትም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው እስኪለመድ ድረስ እንግዳ ነው የሚባለው፤ እንግዳው አልነው፣ በዚያው ቀረ።

በርኖሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ አንድ ሽማግሌ በርኖስ ሰፊ አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። የአክስቴ ልጅ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ የተሰቀለውን ጥቁር በርኖስ፣ አንዱ ትከሻ ላይ እንደ ቀንድ የቆመችውን ሹል ሳይቀር፣ በእርሳስ መገልበጥ ጀመረ።

«ምን ያስፈጥጥሃል? ልትገዛ ነው?» አሉት።

«ከሰማይ ለሚመጣ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«ቁመቱን ሳልለካ አልሰፋም በለው።»

የትውልድ ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእንግዳው ዓለም በር የሚባል ነገር የለም፤ አጥርም ኬላም የለም። ሰዎቹ በቀዳዳ በገባ ጨረር ውስጥ እንደሚታይ ብናኝ ወዲያና ወዲህ ይንሳፈፋሉ፤ ወዴት ነህ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ኋላ ፀሐያቸው እንደ ረመጥ አመድ እየለበሰች ሄደች። እናቱ የቀረችውን ሙቀት በእቅፉ ሸጉጣ ልጇን ወደ ጨለማው ወረወረችው። ሲወርድ፣ ሲወርድ ኖሮ ጓሳ ላይ አረፈ።

ጓሳ ግን በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ሜዳው የጋራ ነው፤ ሣሩ እንዲያገግም ባላገሩ ተስማምቶ ይዘጋዋል፣ በተዘጋበት ጊዜ ከብት ያስገባ ወይም ማጭድ ያሳረፈ ይያዛል። እንግዳው ደግሞ ሲወድቅ ሣሩን አቃጥሎ መሬቱን ጎድጓዳ አደረገው። ስለዚህ በምድር ላይ መጀመሪያ ያገኙት ሰዎች የጓሳ ጠባቂዎች ሆኑ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«ዓለሜ ጠፍታለች።»

«እሱን ለሽማግሌዎቹ ትነግራለህ። ለመሆኑ ሣሩን ያቃጠልከው ብቻህን ነህ ወይስ ግብረ አበር አለህ?»

ገጹን ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ለጠፍነው። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ተማሪዎች ተደራርበው አነበቡት። «መልአክም ቢወርድ የጓሳ ጠባቂ አያልፈውም!» እያሉ እስኪያስላቸው ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳው ጭቃ የዋጠውን የጭነት መኪና በአንድ እጁ ሲያወጣ ለጠፍን፤ በሚቀጥለው ደግሞ ከገደል አፋፍ የቀረች በግ ይዞ ሲበር። ከጠባቂዎቹ እጅ እንዴት እንደወጣ አልጻፍንም። እሱን ለማብረር ቸኩለን ነበር።

ከከተማው የሚያወጣው መንገድ በግጭቱ የተዘጋው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋል፤ ስልኩም አብሮት ይጠፋል። መሐል ሜዳ ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ በእግር ቶሎ የሚያልቅ ከተማ ነው፤ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ይብሱን ያጥራል። የትኛው ውሻ በየትኛው በር እንደሚተኛ፣ የትኛው ባለሱቅ መደርደሪያው ባዶ መሆኑን ለመሸፈን ጨርቅ እንደሚጋርድ በቃሌ አወቅኩት። ግጥሜ ሁሉ ስለ ግድግዳ ሆነ። መናኸሪያው ውስጥ ሣር ሲበቅል አይቼ በመኪና ጎማ ሥር የበቀለ ሣር ለማን ይታጨዳል ብዬ ጻፍኩ፤ ጥሩ ስንኝ አልነበረም፣ ግን እውነት ነበር።

አንድ ጠዋት ሚኒባስ ሊወጣ ነው ሲባል ሰምቼ ግጥሞቼንና የእንግዳውን ገጾች ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ፈታሾች አወረዱኝ። ብቸኛ ወጣት እኔ ነበርኩ፤ ጊዜው ደግሞ ወጣት መሆን ብቻውን የሚያስጠይቅበት ነው። ጣቢያ ወሰዱኝና ጠያቂው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ዘረጋቸው።

«ይሄ ጥቁር በርኖስ የለበሰው ማነው?»

«እንግዳው ነው።»

«አለቃችሁ ነው?»

«ኧረ የለም፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው።»

«ከየትኛው ወረዳ?»

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። አልቀለደም። ሲሚንቶ ላይ አደርኩ፣ ሰነበትኩ። የሲሚንቶ ብርድ ከታች ነው የሚጀምረው፤ እየቆየ አጥንት አጥንቱን ተከትሎ ይወጣል። በመጨረሻ በዋስ ትወጣለህ አሉኝ። አባቴ የሚኖረው ከራቤል ከተማ ወዲያ ነው፣ መንገዱም ስልኩም ዝግ። የአክስቴን ልጅ አንተ ራስህ ወጣት ነህ ብለው መለሱት። ያን ጊዜ ጋሼ መጡ። ኮታቸው ላይ መርፌው ከነክሩ እንደተሰካ ነበር።

«ልጁ ከከተማው ከጠፋ በእሱ ፈንታ እርስዎ ይገባሉ። ገብቶዎታል?» አላቸው ጠያቂው።

«ዋስ ማለት ምን እንደሆነ አንተ ሳትወለድ ነው ያወቅኩት» አሉና ፈረሙ።

በመንገድ ላይ ለምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። «የዚያ ማሽንህ ጩኸት ሲጠፋ ግድግዳው በጣም ዝም አለ» ብቻ አሉኝ። ልጃቸው መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ለሥራ ወደ ቆላው ወርዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ስለ እሱ አያወሩም፤ ስልካቸውን ግን ኔትወርክ ኖረም አልኖረም በየጠዋቱ ይከፍቱታል።

እኔና የአክስቴ ልጅ እንግዳውን መለጠፋችንን ቀጠልን። አንድ ቀን አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች፣ ገጹን አንብባ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ሰውዬ ይበራል አይደል?»

«ይበራል።»

«ታዲያ ለምን አይሄድም? እኔ ክንፍ ቢኖረኝ ኖሮ ይሄኔ እዚህ ቆሜ ወረቀት አነብ ነበር?»

ተማሪዎቹ ሁሉ አዩኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ብርዱ ክንዱን አድክሞበት ነው ብዬ ጻፍኩ። «መኪናውን በምኑ አነሳው ታዲያ?» አለች። ራቤል ውስጥ አንዲት ልጅ ወዶ ነው ብዬ ጻፍኩ። «ይዟት ይብረራ!» ብለው አንድ ላይ ጮኹብኝ። መሬቱን ወዶት ነው ስል ደግሞ ከኋላ አንዱ «መሄጃ ያጣ ሁሉ መሬቱን ወድጄ ነው ይላል» አለ። ያኛው ከሁሉም የበለጠ ጠዘጠዘኝ። ጥያቄው የእንግዳው አልነበረም፤ እኔ ለምን እዚህ እንዳለሁ አውቃለሁ፣ ግን በር ላይ የሚለጠፍ አልመሰለኝም።

መብራት ሲጠፋ ጋሼ ሱቅ ገብቼ እቀመጣለሁ። የስፌት መኪናቸው በእግር ስለሚሠራ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የላቸውም። ዓይናቸው ለክር እንጂ ለፊደል ደክሟል፤ እስቲ ይሄ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ነገር አንብብልኝ አሉኝና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩላቸው። ስለ እናቱ ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጠባቂዎቹ ሲይዙት «ደግ አደረጉ» አሉ። የጭነት መኪናው ገጽ ላይ ስደርስ የስፌት መኪናቸውን ጎማ በእጃቸው ያዙት።

«ቆይ እስቲ። ጠባቂዎቹ ያዙት። ከዚያስ?»

«ከዚያ መኪናውን ከጭቃ አወጣው።»

«እሱ ራሱ እንዴት ወጣ?»

«ተለቀቀ፣ ጋሼ።»

«በማን ዋስ?»

ገጹን ወደ ኋላ ገለበጥኩት።

«የሰው ሣር አቃጥሎ፣ አባቱ የማይታወቅ፣ አገሩ የጠፋ ሰው እንዲሁ ሂድ አይባልም። አንድ ሰው ዋስ ሆኖታል። እሱን ረስታችሁታል» አሉና ጎማውን ለቀቁት። መርፌው እንደገና መውጣት መውረድ ጀመረ። ቀና ብለው አላዩኝም። ስለ እንግዳው ብቻ ይናገሩ ወይስ ስለ እኔም፣ ከጀርባቸው ላነበው አልቻልኩም። ፊቴ ግን ነደደ።

በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ትንፋሹ እየተቆራረጠ መጣ። «ነገ ጠዋት ገብስ የጫነ መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ሾፌሩ ሁለት ሰው ይወስዳል፤ እሱ ካለ ደግሞ ኬላ ላይ አይነኩንም።»

«ዋስ አለብኝ እኮ።»

«ሽማግሌ ምን ያደርጉታል? አንድ ሁለት ቀን ያስቀምጡና ይለቁታል።»

«ሲሚንቶ ላይ?»

መሬት መሬት አየ። «እዚህ ብትቀር ትሞታለህ» አለኝ። «በግጥምህ ሁሉ እየነገርከኝ እኮ ነው።»

እውነቱን ነበር። ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ምን እንደወሰንኩ እግሬ እንጂ እኔ አላውቅም ነበር። ጉሙ መንገዱን ስለሞላው ማንም አያየኝም ብዬ በግድግዳው ሥር ሳልፍ የጋሼ በር ተከፈተ። ቦርሳውን አዩት። እኔን አዩኝ። ወዴት ነህ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሉኝ እዋሻቸው ነበር። ወደ ውስጥ ተመለሱና የሰቀሉትን ጥቁር በርኖስ ይዘው ወጡ።

«ጣርማ በር ላይ ነፋሱ አይቻልም። ይሄን ደርብ» አሉና ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ከዚያ ገብተው በራቸውን ገርበብ አደረጉት።

ሊለቁኝ ነው ወይስ ሊያስሩኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በርኖሱ ከባድ ነው፤ የበግ ጠጉር ሽታው ገና ትኩስ ነበር። ከባዱን ነገር ተሸክሜ መኪናው ጋ ደረስኩ። የአክስቴ ልጅ ከገብሱ ጆንያ ላይ ሆኖ እጁን ዘረጋልኝ። በርኖሱን አውልቄ እጁ ላይ ሰጠሁት።

«ልበሰው። ብርድ ነው።»

«አንተስ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሰደበኝ፤ አህያ አለኝ። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ተነስቶ ቆመ፤ የበርኖሱ ጫፍ በነፋሱ ተነስቶ ጉሙ እስኪውጠው ድረስ ከኋላው ተንሳፈፈ። እንግዳውን ሲበር ያየሁት ያኔ ነው፤ በሥዕል ብቻ የምናውቀውን።

ቀጣዩን ገጽ ብቻዬን ሠራሁት። ሥዕል አልችልም። ጠባቂዎቹ እንግዳውን ይዘው ቆመዋል፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ዋስ የት አለ ይላሉ። ማንም አይነሳም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነስተው «እኔ አለሁለት» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ እንግዳው በጠዋት ተነስቶ ይበራል፤ መኪና ያነሳል፣ በግ ያወጣል፣ ከደመናው በላይ ሆኖ የደብረ ብርሃንን ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ያያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ሆነው እንዲያዩት ተመልሶ ይወርዳል።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሳቁት በሥዕሉ ነው። «እንግዳው አጥሯል!» «እግሩ የት ሄደ?» ከዚያ አነበቡት። ያቺ ምላሰ ምላጭ ገጹን ደግማ አነበበችው። ይሄን አልተከራከረችም።

«እና ሽማግሌው ሲሞቱ ይሄዳል ማለት ነው?» አለች።

ያን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር፤ ወይም አስቤው ሸሽቼዋለሁ። ጋሼ ደጃፋቸው ላይ ቆመው እየሰሙ ነበር። ልጅቷ አየቻቸውና አፏን በእጇ ያዘች።

«ሲሞቱማ» አሉ ጋሼ፣ «ቀባሪያቸው ማን ሊሆን ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጋሼ ወደ በሩ ጠጋ ብለው ገጹን ከቅርብ አዩት፤ አጭሩን፣ እግሩ የጠፋውን፣ አንድ ትከሻው ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የበቀለበትን ሰውዬ። ልጃቸው ስልክ ደውሎ እንደሆነ፣ መንገዱ ይከፈት እንደሆነ አንዳችን ለአንዳችን አልተጠያየቅንም። ከአንገታቸው ላይ ሜትራቸውን አወረዱ።

«ያንን በርኖስ ሰጥተኸው መጣህ አይደል? ና እስቲ፣ ቀጥ ብለህ ቁም።»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከትከሻዬ ጀምረው ለኩኝ።