ቤንዚኑን ዝጊ

ጋሽ ሀያቱን የኮልፌ 18 ማዞሪያ ሰው ሁሉ ጨቅጫቃ ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ጀነሬተርና የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ ኖረዋል። ጠግነው እንዲሁ አያስረክቡም፤ ሞተሩን ያስነሱና «በይ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጊ» ይላሉ። ከዚያ ሞተሩ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረችዋን ቤንዚን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ አጠገባቸው ትቆሚያለሽ። «ቤንዚን ቆሞ ሲሰነብት ሙጫ ይሆናል፤ የሚያልፍባት ቀዳዳ ደግሞ ከፀጉር አትወፍርም» ይላሉ። እኔ፣ ሳያት የምባለው ችኩል፣ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። ቤቴ ስገባ የጀነሬተራችንን ማጥፊያ ጠቅ አድርጎ መሄድ ነው።

ያን ማክሰኞ ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ። እማዬ ሳንባዋ ከታመመ ወዲህ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያለ መብራት ድንጋይ ነው። ለክፉ ቀን ያስቀመጥናት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ቢበዛ አንድ ሰዓት ታቆያለች። የእማዬን ቱቦ ወደ ሲሊንደሯ አዞርኩና ወደ ጀነሬተሩ ሮጥኩ። ሁለት ወር አልተነካም። ገመዱን ስስበው ይነሳል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ደግሜ ብስብ ያው ነው። መዳፌ ተላጠ።

ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቼ ቀዳዳዋን በልብስ መርፌ ጎረጎርኳት። መልሼ ስገጥመው ጥቁር ጭስ ተፋና ጭራሽ ዝም አለ። ደወልኩላቸው።

ጋሽ ሀያቱ በባጃጅ ደረሱ። ገና ከመውረዳቸው «የነካካው ሰው አለ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም፣ ጋሼ።»

ወይኔ አፌ! አፈርኩ እኮ። እሳቸው ደግሞ አመኑኝ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈተው ጠረጉ። የአየር ማጣሪያውን አራገፉ። «ያ አላህ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?» እያሉ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ከውስጥ እማዬ ትጸልያለች፤ «ጌታ» ትልና ታርፋለች፣ «ሆይ» ትልና ታርፋለች። ገብቼ የሲሊንደሩን መለኪያ አየሁት። ቀስቱ ቀዩ ውስጥ ገብቷል። ኦክስጅኑ ሊያልቅ ነው።

ወጥቼ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ! በመርፌ ጎርጉሬዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ቀዳዳዋን አሰፋሻታ! ቤንዚኑ ከልኩ በላይ እየገባ ነው ሞተሩን የሚያንቀው» አሉና ከኪሳቸው የክኒን ጠርሙስ አወጡ። ከአሮጌ ሞተሮች የሰበሰቧቸውን ቤንዚን የሚያሳልፉ ባለቀዳዳ የነሐስ ዕቃዎች መዳፋቸው ላይ ዘረገፉ። ጥፍር የምታክል አንዷን ወደ ፀሐይ አንስተው በቀዳዳዋ አጮለቁ። እንዳትወድቅባቸው ከሥር እጄን ዘረጋሁ። ገጠሟት። «ቢስሚላህ» ብለው ገመዱን ሳቡ። ሞተሩ ተነሳ፤ ጭስ የሚባል የለም። ማሽኑን ስሰካላት እማዬ ዓይኗን ገለጠች፤ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ጋሽ ሀያቱ ይሂዱ ቢባሉም ደጃፉን አልለቀቁም ነበር። የማሽኑን ገመድ ወደ ግድግዳው መልሼ ወጣሁና እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ።

«ሳያት!»

«አቤት ጋሼ። ገባኝ።»

የቤንዚኑን ቧንቧ ዘጋሁ። አብረን ቆምን። ሞተሩ ትንሽ ሮጠ፣ ተንተፋተፈ፣ ቤንዚን አጠረው፣ እንደ ምንም አንዴ ሳበና ጸጥ አለ። መብራት እንዳለ እያወቅሁ፣ ጸጥታው አስፈርቶኝ እማዬን ላያት ሮጥኩ።