ሳይነቀንቁ መስፈር

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚመረምር ላብራቶሪ ለሦስት ወር ሙከራ ቀጥሮኝ፣ ጊዜዬ ሐሙስ ሊያልቅ ነው። የሲሚንቶ ዱቄት እፍጋት መለካት ግን አልሆንልሽ ብሎኛል ማለት ያንሰዋል፤ አበሳዬን አሳይቶኛል።

ሥራው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ነው። ሊትር በምትይዝ የብረት ጣሳ ውስጥ ዱቄቱን በዝግታ ማፍሰስ፣ አፉን በማስመሪያ ጠርጎ መመዘን፣ በቃ። ጣሳው መነካት የለበትም፤ ከተነካ ዱቄቱ ይጠቀጠቅና ክብደቱ ያሻቅባል። የኔ ሁልጊዜ ካለቃዬ ይበልጥ ነበር። እሳቸው የአገሩ ሶማሌ ናቸው፤ ከኢትዮጵያውያን የባቡር ሠራተኞች ልጆች ጋር ስላደጉ አማርኛቸው ከኔ አይተናነስም።

«ዋላሂ ትነቀንቂዋለሽ!»

«ኧረ በማርያም፣ አልነካሁትም!»

«እንግዲህ ሐሙስም እንዲህ ከሆነ አብረን አንሠራም።»

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ካርቲየ 3 ሰፈር ያለው እናቴ ሱቅ ገባሁ። ሰው ቤት የምትሠራ ደንበኛችን ሽሮ ፈልጋ በጣሳ ሰፈርኩላት።

«ተባረኪ፣ እንደ እናትሽ ነቅነቅ አድርገሽ ነው የምትሰፍሪው» አለችኝ።

ክው አልኩ። ለካ ግራ እጄ ጣሳውን ይዞ ባንኮኒው ላይ ሁለቴ ቋ ቋ አድርጎታል፤ እኔን ማን አማክሮኝ! በማርያም ስም በሐሰት ምዬ ኖሯል። ለእናቴ ብነግራት ደግሞ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ሳይነቀንቁ መስፈር? ይሄማ ስርቆት ነው! ይህን ነው እዚያ የሚያስተምሩሽ?»

ሐሙስ ጠዋት ግራ እጄን በጋዋኔ ቀበቶ ከወገቤ ጋር ጠፍሬ ሚዛኑ ፊት ቆምኩ። አለቃዬ አበደች እንዴ ብለው ያዩኛል። በቀኝ እጄ ብቻ አፈሰስኩ፣ ጠረግኩ፣ መዘንኩ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱም አንድ ሆኑ። ከዚያ እሳቸው ለማመሳከር የራሳቸውን ሰፈሩ። የሳቸው በለጠ!

«ጉልበትዎ ጠረጴዛውን ገጭ አድርጎታል» አልኳቸው። ድምፄ ንቅንቅ አላለም።

ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ጣሳውን ገልብጠው እንደገና ሰፈሩ። ልክ እንደኔው መጣ። ስንት ዓመት የሠሩ ሰው እስክሪብቶ አንስተው የራሳቸውን ቁጥር ሰረዙና የኔን ጻፉ።

«ከእሁድ ጀምሮ ዱቄት ያንቺ ነው» አሉ፤ እዚህ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነው።

ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። እስከዚያ ቀን ሳቸው ብቻ የሚፈርሙበትን ወረቀት ወደኔ ገፉልኝ። ግራ እጄን ሳልፈታ ፈረምኩ።